ለአብራሪው የተቀመጠ መርዶ

አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ሰው አፍንጫው ካልሠራ ይከስራል። ቆዳ ነው ብለው ያመጡልኝን ቦርሳ አሸትታለሁ፤ ፕላስቲክ ነው። የእንጨት ሳጥን አሸትታለሁ፤ ውሃ ገብቶበት ያውቃል። አፍንጫዬ ያከሰረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ባለፈው ቅዳሜ። ከጎኔ ጠረጴዛ የሚዘረጋው ሰውዬ የነሐስ ፋኖስ በዚያ በነጭ ማጽጃ ቅባት ሲወለውል ሽታው ድንኳኔ ውስጥ ገባ። ፊቴ የቆመች ደንበኛ ዋጋ እየጠየቀችኝ ነበር። ሰምቻታለሁ፤ ፊቴን ግን ወደ ፋኖሱ አዞርኩ። ትታኝ ሄደች።

ሽታው በልጅነቴ የኮሮናውን ዓመት የዋልኩበት የሚስተር ዋልተር ቤት ኮሪደር ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ የመርከብ ደወል ነበር፤ ሰውዬው በየሳምንቱ በዚያው ቅባት ይወለውሉታል። ለማን እንደሚደወል ግን አንድም ቀን አላወቅኩም። ያን ዓመት ካላወቅኳቸው ነገሮች ትንሹ እሱ ነው።

ኮሮና ሲገባ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣን ገና ሦስተኛ ዓመታችን ነው። እማዬ ስትሪፑ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳ ነበር። አንድ ቀን ሺፍቷ ሳያልቅ ተመልሳ መጣችና ጫማዋን እንዳደረገች አልጋው ላይ ተቀመጠች። ካዚኖዎቹ ሁሉ ተዘጉ አለች። ቀንና ሌሊት ክፍት ስለሆኑ በራቸው ቁልፍ እንኳ የለውም ይባል ነበር፤ በምን እንደዘጓቸው ዛሬም አልገባኝም። የምንኖረው ፓራዳይዝ የሚባል ሰፈር፣ ከኤርፖርቱ አጥር አጠገብ ስለነበር አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ብርጭቆው ይንጫጫብን ነበር። እሱም ዝም አለ። እኔ ትምህርት ቤት በመዘጋቱ ደስ ብሎኝ ሰው ሁሉ ለምን እንደተከዘ ግራ ገባኝ። በኋላ ትምህርት ቤቱ በላፕቶፕ ሆኖ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ያኔ እኔም ተከዝኩ።

ሙቀቱ ሊበርድ ሲል እማዬ ሥራ አገኘች። ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ መጠበቅ ነው። የቀጠረቻት ሌላ ስቴት ያለች የእህታቸው ልጅ ናት። ከምን እንደምትጠብቃቸው ስጠይቃት፣ እንዳይወድቁ ነው አለችኝ። እኔን የሚይዝ ሰው ስለሌለ ላፕቶፔን ይዤ አብሬያት መሄድ ጀመርኩ። የሚስተር ዋልተር የምግብ ጠረጴዛ አምስተኛ ክፍሌ ሆነ።

መጀመሪያ ያየሁት ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ነው። ትልቅ መርከብ፣ አናቱ ላይ አውሮፕላኖች ተደርድረዋል። መኪና የሚጭን ትሬለር አውቃለሁ፤ ይሄም የእሱ ዘመድ መሰለኝ። ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ በዙም ቻት እማዬ የምትጠብቃቸው ሰውዬ አውሮፕላን በመርከብ እየጫኑ ይሸጡ የነበሩ ትልቅ ነጋዴ ናቸው ብዬ ጻፍኩ። ደስ አለኝ። ከዚህ የተሻለ ሥራ አልታየኝም።

ታሪኩን ያበላሸው ጋሽ ታደሰ ነው። ጋሽ ታደሰ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደት የመጣ፣ ብዙ ዘመን ታክሲ የነዳ፣ የዕድራችን ሽማግሌ ነው። እኛ ቪዛ ደርሶን ስንመጣ ኤርፖርት የተቀበለን እሱ ስለሆነ እማዬ ሳትነግረው የምታደርገው ነገር የለም። በስልክ ስለ አዲሱ ሥራ ስትነግረው ሰውዬው የባህር ኃይል አብራሪ ነበሩ አለችው።

ጋሽ ታደሰ አላመነም። ባህር ኃይል ከሆኑ መርከበኛ ናቸው፣ አብራሪ ከሆኑ ደግሞ አየር ኃይል ናቸው፤ ሁለቱንም ነኝ ካሉ አንዱ ውሸት ነው አለ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ እንድትሰጠኝ አደረገና፣ አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ አጣሪልኝ አለኝ።

አጣራሁ። በማግስቱ ሚስተር ዋልተር ቁርሳቸውን ሲበሉ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና መርከብ ነው ወይስ አውሮፕላን አልኳቸው።

"ሁለቱም" አሉኝ።

"በአንድ ጊዜ?"

"በአንድ ጊዜ ከሆነማ አንድ ሰው ጉድ ሆኗል ማለት ነው" አሉና እንቁላላቸውን መብላት ቀጠሉ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ትልቅ ሽማግሌ ነበሩ። የምርኩዛቸው ጫፍ የቴኒስ ኳስ ተሰክቶበታል። ያደጉት የበቆሎ አገር ነው፤ ባህር ያዩት ወታደር ከሆኑ በኋላ ነው። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ መጥተው በረሃ ውስጥ ቤት ገዙ፤ ግቢያቸው እንኳ ሣር የለውም፣ ጠጠር ነው። ነገሩን በልጅ አእምሮዬ ሳገጣጥመው፣ ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ የጠፋባቸው መሰለኝ። ከከተማው በስተሰሜን ካለው የጦር ሰፈር የሚነሱ ጄቶች በቤቱ ላይ ሲያልፉ ምርኩዛቸውን ይዘው ይወጡና አንገታቸውን ቀና አድርገው ያያሉ። ደስ ያላቸው እየመሰለኝ አብሬ እወጣለሁ። እሳቸው ግን "የአየር ኃይል ልጆች ናቸው። ያ ሁሉ አስፋልት ተነጥፎላቸውማ የእኔም አክስት ታሳርፋለች" ይሉና ይገባሉ።

ሜዳሊያዎቹ መኝታ ቤታቸው ውስጥ በመስታወት ሣጥን ነበሩ። ብዙ ናቸው። እማዬ አቧራ ልትጠርግ ሣጥኑን ስትከፍተው መሀል ላይ የነሐስ መስቀል አየች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ መስቀሉን ሳመች፣ ግንባሯን አስነካች። ሚስተር ዋልተር በሩ ላይ ቆመው ሲያዩዋት ነበር። ምን እያደረገች ነው ብለው እኔን ጠየቁኝ፤ መስቀል ስለሆነ ነው አልኳቸው።

እንደዚያ ዓይነት መስቀል አይደለም አሉኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። እውነትም መሀሉ ላይ ፕሮፔለር አለበት። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሰው ሲመለስ የሚሰጥ ነው አሉ። ታዲያ ያልተመለሰውስ? ስላቸው ምርኩዛቸውን አነሱና ወደ ሳሎን ሄዱ። ለእማዬ ነገርኳት። ፕሮፔለርም ይኑረው፣ መስቀል መስቀል ነው አለች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ እሱን ሳትሳለም ሥራ አትጀምርም።

ሜዳሊያዎቹ እንዳሉ ሲሰማ ጋሽ ታደሰ ሰውዬው ዋሽተዋል የሚለውን ተወ። ሌላ ጥርጣሬ መጣበት። ጀግና ካልፎከረ ማን ያውቅለታል? ይሄ ሁሉ ሽልማት ተሰቅሎ ባለቤቱ ዝም ካለ አንድ ነገር አለ አለ። እኔም ለምን እንደተሸለሙ እጠይቃቸው ጀመር። መልሳቸው አንድ ነው፤ ሌኒን ጠይቂው።

ሌኒ ፍሎሪዳ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። እሁድ ከቁርስ በኋላ ሚስተር ዋልተር ሳሎን ባለው የቤት ስልክ ይደውሉላቸዋል፤ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ክፍት ያደርጉታል። ሰላምታቸው ይህ ነው፤ "አንተ አሮጌ ፍየል፣ እስካሁን አልሞትክም?"

"ካንተ በኋላ" ይላል ከወዲያ ጎርናና ድምፅ።

ለእማዬ ስተረጉምላት አማተበች። በሰንበት ሰው ይህን ይባባላል? ጠላቶች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ጠላት ለጠላቱ ለምን በየሳምንቱ እንደሚደውል ግን አልገባኝም፤ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ሚስተር ዋልተር ለብቻቸው እየሳቁ ይቀመጣሉ። አንድ እሁድ ድፍረት አገኘሁና ጠጋ ብዬ፣ ሚስተር ሌኒ፣ መስቀሉ የተሰጣቸው ለምንድነው አልኩ። ሌኒ፣ እሱን ጠይቂው አሉኝ። ዞሬ አየኋቸው። ጣሪያውን ያያሉ። እንደ መሥሪያ ቤት ሁለቱ አመላለሱኝ።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። አንድ አርብ ከምሳ በኋላ ሚስተር ዋልተር ተኝተው ሳለ ስልኩ ጮኸ። እማዬ አንስታ ሃሎ አለችና እንግሊዝኛው ሲፈጥንባት ለእኔ ሰጠችኝ። የሌኒ ሴት ልጅ ናት። አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ አለች። ኮሮና ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ቀብሩ ሐሙስ ነው፣ ሰው ስለማይሰበሰብ በዙም ይተላለፋል፣ ዋልተር ሁለት ቃል እንዲናገርልን እንፈልጋለን። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነና፣ እባካችሁ ቀስ አድርጋችሁ ንገሩት አለችኝ።

ለእማዬ ተረጎምኩላት። ጎንበስ አለችና የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

"ቀስ አድርጋችሁ አለች አይደል?" አለችኝ። "ቀስ እንላለን።"

እኔ ሲነሱ የምንነግራቸው መስሎኝ ነበር። እማዬ እንደዚህ ያለ ነገር በአንዲት ሴትና በአንዲት ልጅ አፍ አይነገርም አለች። መርዶ ሰው ይሰበሰብለታል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ በማለዳ ይኬዳል። እዚህ አገር እኮ ዝም ብሎ ነው የሚነገረው አልኳት። እዚህ አገር ለብቻ ነው የሚሞተውም፤ እሱንም እንልመድ? አለችኝ። ከዚያ የእትዬ ብርቄን ነገር አነሳች። እትዬ ብርቄ ጎረቤታችን ናት፤ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ታማሚ ታነሳለች፣ ታጥባለች። ወንድሟ አዲስ አበባ ሲሞት እረፍት ሰዓቷ ላይ በስልክ ነው ያረዷት። መሄድ የለ፣ ሰው መጥቶ መቀመጥ የለ። መኪናዋ ውስጥ አልቅሳ፣ ፊቷን ጠርጋ፣ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ወዲህ የምታውቀውን ሰው እንኳ ቶሎ አትለይም ነበር።

"ሰው በስልክ መርዶ ይረዳል?" አለች እማዬ። "አይደረግም።"

እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ሚስተር ዋልተር አልሞትክም ወይ፣ አልሞትክም ወይ ሲሏቸው ሰነበቱና ሌኒ ሞቱ። እርግማኑ ደርሷል። ሲነገራቸው በራሳቸው አፍ ጓደኛቸውን እንደገደሉ ያውቃሉ፤ ያኔ ምን ይሆናሉ? ይህን ለማን እንደምናገር ጠፋኝ። ለእማዬ ብነግራት መርዶውን እስከ ፋሲካ የምታራዝመው መሰለኝ።

ለእሁድ ማለዳ ታስቦ ነበር። ቅዳሜ ጋሽ ታደሰን ሳል ያዘው። በመኪና ተሰልፎ ተመረመረ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ከቤት መውጣት አይችልም። እማዬ ሌላ ሽማግሌ ፈልጋ ደወለች። አንዱ ስኳር አለብኝ፣ ሰው ቤት አልገባም አላት፤ ሌላው ነፍስ ይማር ብሎ ዘጋባት። ያለ ሽማግሌ ደግሞ አይሆንም።

በዚህ መሀል እሁድ መጣ። እማዬ ገመዱን መልሳ ሰካችው፤ ሚስተር ዋልተር ደወሉ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሌኒ ድምፅ መልእክት አስቀምጡ ይላል። "ፍየሉ፣ የት ጠፋህ?" አሉት። ቆይተው ደግመው ደወሉ። ሞተው ሲያወሩ የሰማኋቸው የመጀመሪያ ሰው ሌኒ ናቸው፤ ከስልኩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ሚስተር ዋልተር ወደ እኔ ዞሩና በዚህ ሳምንት የደወለ ሰው ነበር ወይ አሉኝ። እማዬ ከምድጃው አጠገብ ሆና አየችኝ።

"ስልኩ ተነቅሎ ነበር" አልኩ።

እውነት ነው፤ ተነቅሎ ነበር። ሙሉውን ሳይመዝኑ እውነት መሸጥ እንደሚቻል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እማዬ መርዶ በባዶ ሆድ አይሰማም ብላ ከአርብ ጀምሮ ታበላቸዋለች። ቅንጬ በቅቤ፣ የዶሮ መረቅ፣ አጥሚት። ለወትሮው ቶስትና እንቁላል የሚበሉ ሰው ናቸው። ሰኞ ዕለት ማንኪያቸውን አስቀመጡና በዝግታ፣ ሴብ፣ እናትሽ ለምንድነው የምታደልበኝ አሉኝ። ሰብለ መባሌን ትተው ሴብ ነበር የሚሉኝ። ብርድ ስለሆነ ነው አልኩ። በመስኮቱ የበረሃውን ፀሐይ አዩና መልሰው እኔን አዩ።

ማክሰኞ የጋሽ ታደሰ ውጤት ደረሰ፤ ነጻ ነው። ቀብሩ ሐሙስ ነው። የቀረው ረቡዕ ማለዳ ብቻ ነው።

በብርድ ሄድን። ጋሽ ታደሰ ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቧል፤ እትዬ ብርቄ ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ መጥታ በሥራ ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች። ከዕድሩ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁላችንም ማስክ አድርገናል። ግቢው ጠጠር ስለሆነ ቀስ ብሎ መሄድ አይቻልም፤ ይንኳኳል፣ ይንኮሻኮሻል። እማዬ የቤቱ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ አለ፤ ግን አላወጣችውም። መርዶ ይዞ በቁልፍ አይገባም አለችና አንኳኳች።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ጋሽ ታደሰን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ ከኋላ የቆሙትን አዩ። የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው፤ ማን ናችሁ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ የበሩን ጠርዝ ያዙና አንድ ቃል ብቻ አሉ።

"ማነው?"

ጋሽ ታደሰ ከሩቁ ጀመረ። ሰው ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ እንግዳ ነው፣ አበባም ይጠወልጋል፣ የተከበሩ ወንድማችን ሆይ፣ ብሎ ለእኔ አሳለፈልኝ። እንግዳ የሚለውን ስተረጉም ሚስተር ዋልተር እጃቸውን አነሱ።

"ሴብ፣ ስሙን ንገሪኝ።"

"ሌኒ" አልኩ።

"መቼ?"

እማዬን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች። አርብ አልኩ።

"እሁድ ስደውልለት ሞቷል?"

"አዎ።"

እማዬን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ዞሩ፤ የምርኩዙ የቴኒስ ኳስ ኮሪደሩን ሙሉ ዱብ ዱብ ሲል ተሰማ፤ የመኝታ ቤቱ በር ተዘጋ።

ገብተን ተቀመጥን። ሶፋ ላይ፣ የምግብ ወንበር ላይ፣ አንዱ የዕድር ሰውዬ የእኔ የዙም ወንበር ላይ። መስኮቱ ሁሉ ስለተከፈተ ቤቱ እንደ ውጭ ቀዘቀዘ። እማዬ እጇን ታፋትጋለች። ከሥራ ያባርሩኛል፣ አያባርሩኝም እያለች ከራሷ ጋር የምትከራከር ትመስል ነበር። በመጨረሻ ለጋሽ ታደሰ፣ አጠፋሁ መሰለኝ፣ እንደ አገራቸው ወዲያው ብነግራቸው ይሻል ነበር አለችው። ጋሽ ታደሰ፣ ይውጣላቸው፣ እኛ ግን ከዚህ አንነሳም አለ። እኔም በበኩሌ ሰውዬው ውስጥ ሆነው እሁዶቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ ስንተኛው እርግማን ላይ ጓደኛቸው እንደሞተ እያሰሉ መሰለኝ።

ፀሐይዋ ከሶፋው እስከ ምንጣፉ መሀል መጣች። ማንም አልተነሳም። እትዬ ብርቄ እንቅልፍ ሊጥላት ደርሶ አገጯን በእጇ ደግፋለች። በሩ ተከፈተና የቴኒስ ኳሱ መጣ። ሚስተር ዋልተር ሳሎኑ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ከማስካቸው በላይ ዓይናቸው ቀልቷል። ባዶ ቤት የጠበቁ ሰው ነበር የሚመስሉት።

"እስካሁን አሉ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ለጋሽ ታደሰ ነገርኩት። "ወዴት እንሂድ?" አለ፤ ግራ ገብቶት ነው።

ተቀመጡ። ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው መናገር ጀመሩ፤ እኔ ተረጎምኩ። መብረር ካቆሙ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሥራቸው በር ማንኳኳት ነበር። አንድ አብራሪ ሲሞት እሳቸውና አንድ የጦር ቄስ ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ሚስቱ ቤት ይሄዳሉ። ሴቶቹ ገና መኪናውን በመስኮት ሲያዩ ያውቁታል። ሕጉ ስሙን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገር ነው፤ ማንንም አታቆይ። ተናግረው፣ የሚረዳት ሰው ስልክ ሰጥተው ይሄዳሉ።

"ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ሆኜ ዞሬ አያለሁ" አሉ። "በሩ ተዘግቷል። ከበሩ በስተጀርባ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አንድም ቀን አላየሁም።"

ይህን ለሰዎቹ ተረጎምኩላቸው። እኔ ግን የራሴ ጭንቀት አላስቀመጥ ብሎኝ፣ ሳይፈቀድልኝ ከራሴ ጨመርኩ።

"በእርግማኑ ነው የሞቱት?"

የትኛው እርግማን አሉኝ። አሮጌ ፍየል፣ አልሞትክም ወይ የሚሉት አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቁ ኖሯል። ወይ ደግሞ ሁለቱንም። "ሌኒ እኔን የሚለኝንማ ልጅ ፊት አልናገረውም" አሉ።

ጋሽ ታደሰ ለምን እንደሚስቁ አልጠየቀም። ጋቢውን አስተካከለና፣ እንግዲህ አሁን ስለ ሟቹ ነው የሚወራው፣ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ በይልኝ አለ። ወራቱን ሙሉ የጠየቅኩት ጥያቄ ዞሮ ዞሮ በዚህ በኩል ገባ።

ቬትናም ነው። ከመርከቡ ተነስተው ሄደው ሲመለሱ ተመቱ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰው ይይዛል፤ ከፊት እሳቸው፣ ከኋላ ሌኒ። ወንበሩ ሰውን ከነፓራሹቱ ወደ ውጭ የሚወረውር ነው። የእሳቸው ወንበር ይሠራል፤ የሌኒ ተመትቶ አይሠራም። ሌኒ ውጣ አላቸው። አልወጣም አሉ። ተሰዳደቡ። ቃል በቃል እንድተረጉም አልፈቀዱልኝም። መርከቡ ጋ ደርሰው ሊያርፉ ሞከሩ፤ ሳቱ። ዞረው ሞከሩ፤ ሳቱ። ነዳጁ እያለቀ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሌኒ ከኋላ ስለ አማታቸው የሆነ ቀልድ ይነግሯቸው ነበር፤ ረጅም ቀልድ።

"መጨረሻውን ሳልሰማ ብሞት ይቆጨኛል ብዬ ነው ያሳረፍኩት" አሉ። "መስቀሉን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ መንዳት ብቻ ነው የነዳሁት። ሌኒ እንደሚሞት እያወቀ አወራ።"

እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እየጨመረ፣ ወንድሜ ወንድሜ እያለች። ሚስተር ዋልተር ተጨነቁ። ሌኒን ታውቀዋለች እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ለማን እንደምታለቅስ እኔም ራሴ አላወቅኩም። ጥያቄውን ለእሷ አሳለፍኩት።

"አሁን አወቅኩት በያቸው" አለች።

ተረጎምኩ። ሚስተር ዋልተር ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገ ዙም ላይ ምን እንደሚሉ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሲያስቡ ቆይተው አንድም ቃል አላገኙም ነበር አሉ። አሁን የነገሩንን ይድገሙታ አለ ጋሽ ታደሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከመስከረም ጀምሮ ሲከነክነው የኖረውን ሊያወጣ ነው። ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን መርከብ ላይ ማረፍ የሚለውን ቢተዉት ይሻላል፣ ሰው አያምንም አለ። አውሮፕላን ተንደርድሮ መጥቶ በዚያች ጠባብ ቦታ በምን ይቆማል?

"እሱማ ዋናው ነው" አሉ ሚስተር ዋልተር ስነግራቸው። ተነሱ።

እማዬን የካውያ ጠረጴዛዋን እንድታመጣ ጠየቋት። ከበሩ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ለእሷ ይሄ ነው፤ ሮጣ አመጣችው። መሀል ሳሎን ዘረጉት። ማስካቸውን አወለቁና ላስቲኩን በጠረጴዛው ወርድ ወጠሩት፤ ሽቦው ይሄ ነው አሉ፣ አውሮፕላኑ ከኋላው መንጠቆ አለው፣ ይህን ካልያዘ ባህር ነው። ከዚያ ወደ ጋሽ ታደሰ እግር አመለከቱ። ጋሽ ታደሰ እኔን አየኝ። ጫማህን ይፈልጋሉ አልኩት። ለቅሶ ቤት ጫማ ተጠይቆ ስለማያውቅ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፈታው።

ሚስተር ዋልተር ጫማውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ምርኩዛቸውን ለእማዬ አስያዟት። የጫማውን ጫፍ እየነኩ "እኔ እዚህ ነኝ" አሉ። አውራ ጣታቸውን ተረከዙ ውስጥ አስገቡ።

"ሌኒ እዚህ።"

ጫማውን ከካውያ ጠረጴዛው በላይ ከፍ አድርገው ያዙት። ጋሽ ታደሰ በአንድ እግሩ ካልሲ ቆሞ ይጠብቃል፤ እትዬ ብርቄ ዓይኗን እየጠረገች ትጠብቃለች፤ እማዬ ምርኩዙን ታቅፋ ትጠብቃለች። ሚስተር ዋልተር ግን ቶሎ አላሳረፉትም፤ ካረፈ ሌኒ ይወርዳል።